አውቶሞቢልን ወደ ደሴት አስጭኖ ስለ መውሰድ፤ ወይስ ሸጦ ስለ መሄድ

ባለፈው ክረምት የምሠራላቸው ነጋዴ ከኪሳቸው አንድ ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝና «ይህን አንብብና መልሱን በሒሳብ አድርገህ አምጣልኝ» አሉኝ። ደብዳቤው በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ የጻፈው ነበረ። ልጁ በሆኖሉሉ ሥራ ስላገኘ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ወደዚያ ሊዛወር ነው። «አጎቴ ሆይ፤ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ዕቃ በመርከብ ሲያስመጡ የኖሩ ነዎትና ይምከሩኝ። መኪናዬን ላስጭናት ወይስ እዚሁ ሸጬ ልሂድ? ባለቤቴ እናስጭናት ትላለች፤ የኔም ልብ ወደዚያው ያደላል፤ ነገር ግን በእጃችን ያለው ገንዘብ ለስሕተት የሚተርፍ አይደለም» ይላል።

ጥያቄው የአንድ ቤተ ሰብ ጥያቄ ነው። ሆኖም ሒሳቡን ስሠራው የአስመጪው፣ የላኪውና የባለ ሱቁም የዘወትር ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፤ ይኸውም አንድን ዕቃ ካለበት ስፍራ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ማጓጓዝ የሚገባው መቼ ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ነጋዴውን አስፈቅጄ በዚህ ጋዜጣ እንዲወጣ ጽፌዋለሁ። ዓመታቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዋጋውንም በአሜሪካ ዶላር አድርጌዋለሁ።

ሃዋይ ከ1959 ጀምሮ የአሜሪካ 50ኛ ክፍለ ግዛት ናት። በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለች የብዙ ደሴቶች አገር ስትሆን፣ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ እስከ ሆኖሉሉ ያለው መንገድ ወደ 4000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሆኖሉሉ ዋና ከተማዋ ናት፤ የምትገኘውም ኦዋሁ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። ሕጉና ገንዘቡ የአሜሪካ ስለሆነ ከሎስ አንጀለስ የሚሄድ አውቶሞቢል የውጭ አገር የገቢ ቀረጥ አይጠየቅበትም፤ መንገዱም እንደ ካሊፎርኒያ በቀኝ የሚነዳበት ነው። ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው።

አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው

ሰው ሁሉ «ኪራዩ ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንዲሁ ጀምሬ ነበር። ነጋዴው ግን አስቆሙኝና «መጀመሪያ ነገር ልጁ እዚያ መኪና ያስፈልገዋል ወይ? ሁለተኛም የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት የጓዙን ማጓጓዣ ይከፍልለታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ወደ ሎስ አንጀለስ ጽፈን መልሱን እስክናገኝ ድረስ ሌላውን ሒሳብ አልነካሁትም። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍል ቢሆን ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር፤ የአሜሪካ የጦር ኃይል ለምሳሌ ወደ ሃዋይ ለሚያዛውረው ወታደር አንድ መኪና በመንግሥት ወጪ ይጭንለታል። የኛ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም።

መኪና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው እንደ ደሴቲቱ ይለያያል። ኦዋሁ ስፋትዋ 1545 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ በብዙ አቅጣጫ ይሄዳል፤ በ2023ም የከተማ ባቡር የመጀመሪያው ክፍል ሥራ ጀምሯል። በሆኖሉሉ መካከል የሚኖርና የሚሠራ ሰው ያለ መኪና ሊኖር ይችላል። እንዲያውም የመኪና ማቆሚያ ቦታ በዚያ ከተማ ውድ ነውና፣ ቤት ሲከራይ ማቆሚያው ከቤቱ ኪራይ ጋራ ተጠቃሎ እንደሆነ ወይም ለብቻው እንደሚከፈል መጠየቅ አለበት። ለብቻው በወር 200 ዶላር ይከፈላል ብንል በዓመት 2400 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ከመርከቡ ኪራይ በላይ ሊሆን የሚችልና በየዓመቱ የሚመላለስ ወጪ ነው። በስሟ ሃዋይ የምትባለው ትልቂቱ ደሴት ግን 10430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከሂሎ ወደ ኮና የሚሄድ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እዚያ መኪና የሌለው ሰው የሰው ፊት ሲያይ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከደሴት ወደ ደሴት መኪና ጭኖ የሚያመላልስ የመንገደኛ ጀልባ በሃዋይ በ2007 ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢ ጥበቃ ጥናት ሳይደረግ መፈቀዱ በፍርድ ቤት ስለተነቀፈ በ2009 ቆመ። ከዚያ ወዲህ መኪና ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው የሚሄደው በጭነት ጀልባ እንደ ማንኛውም ዕቃ ተመዝግቦ ነው። ስለዚህ «ሃዋይ እሄዳለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የትኛይቱ ደሴትና የትኛው ወደብ እንደሆነ ቀድሞ ካልታወቀ አንዱ ኪራይ ሁለት ይሆናል።

ልጁ የጻፈልን መልስ ሥራው ከከተማው ወጣ ያለ፣ ልጆቹም በሌላ አቅጣጫ የሚማሩ መሆኑን የሚገልጽ ነበረ። የተከራየውም ቤት ማቆሚያ አለው። መኪና ያስፈልገዋል ማለት ነው። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ ያቺው መኪና ትሁን ወይስ ሌላ የሚለው ሆነ።

የመርከብ ኪራይ ዋጋን አያይም፤ ስፍራን ያያል

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ስፍራ ይህ ነው። ሰውየው «መኪናዬ 7000 ዶላር ታወጣለች፤ የመርከቡ ኪራይ 1800 ዶላር ነው፤ 1800 ከ7000 ያንሳልና ይጫን» ይላል። ይህ ሒሳብ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ምንም የሚያስረዳው ነገር የለም። ምክንያቱም ሰውየው መኪናዋን ባይጭናት አይጥላትም፤ ይሸጣታል። በሸጠበትም ገንዘብ ላይ ጨምሮ በደሴቲቱ ሌላ ይገዛል። ስለዚህ ኪራዩ የሚነጻጸረው ከመኪናዋ ዋጋ ጋራ ሳይሆን፣ አንድ ዓይነት መኪና በሁለቱ ከተሞች በሚያወጣው ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ጋራ ነው። ነጋዴ ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል። ከጂማ በርበሬ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የጭነቱን ኪራይ የሚያወጣው በሁለቱ ገበያዎች ልዩነት እንጂ በበርበሬው ሙሉ ዋጋ አይደለም።

ሌላው ነገር፣ የአንድ መኪና ኪራይ የሚቈረጠው በቁመቷና በስፋቷ ነው እንጂ በዋጋዋ አይደለም። የ20 ጫማ ኮንቴይነር ኪራይ በውስጡ ያለው ሐር ይሁን አቡጀዲ ብዙም እንደማይለወጥ፣ 3000 ዶላር የምታወጣ አሮጌ መኪናና 30000 ዶላር የምታወጣ አዲስ መኪና መጠናቸው ተመሳሳይ ከሆነ የሚከፍሉት ኪራይ ያው ነው። ከዚህም የተነሣ ለርካሽ መኪና ኪራዩ ከባድ ሸክም ይሆናል፤ ለውድ መኪና ግን ቀላል ነው። የወደቡን፣ የወረቀቱንና የጥበቃውን ወጪ ያየን እንደሆነም አብዛኛው እንዲሁ ዋጋ ሳይመርጥ እኩል የሚወድቅ ነው።

ኪራዩን በክርክር ማስቀነስ ይቻል እንደሆነም ነጋዴው ጠይቀውኝ ነበር። ብዙ አይቻልም። በ1920 የወጣውና በአቅራቢው በሴናተሩ ስም የጆንስ ሕግ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ሕግ፣ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ዕቃ የሚጭን መርከብ በአሜሪካ የተሠራ፣ የአሜሪካን ባንዲራ የሚያውለበልብ፣ ባለቤቶቹ አሜሪካውያን የሆኑና በአብዛኛው በአሜሪካውያን መርከበኞች የሚነዳ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ወደ እስያ የሚሄድ የሌላ አገር መርከብ በሆኖሉሉ አጠገብ ቢያልፍ እንኳ የዚህን ልጅ መኪና ጭኖ እዚያ ሊያወርድ አይችልም። ሥራውን የያዙት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም የታወቁት ማትሰንና ፓሻ ናቸው። ማትሰን በ1882 በአንዲት ባለ ሸራ መርከብ ጀምሮ፣ በ1958 ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሃዋይ ኮንቴይነር መጫን የጀመረ ነው። ፓሻ ደግሞ መኪና በራሱ ጎማ እየተነዳ የሚገባበትንና የሚወጣበትን መርከብ በ2005 በዚሁ መስመር አሰማርቷል። ተወዳዳሪ ጥቂት በሆነበት ገበያ ገዢ የሚያተርፈው በመከራከር ሳይሆን ቀን በመምረጥና ወጪን በማወቅ ነው።

ሒሳቡ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ለትምህርት የተወሰደ ነው። የሚጭን ሰው በቦታው የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ በእነዚህ ቁጥሮች ስፍራ ማስገባት አለበት።

መኪናዋ በሎስ አንጀለስ 9000 ዶላር ታወጣለች እንበል። በዕድሜዋ፣ በዓይነቷና በሄደችው ኪሎ ሜትር እኩያዋ የሆነች መኪና በሆኖሉሉ አንድ አምስተኛ ጨምራ 10800 ዶላር ትሸጣለች። ልዩነቱ 1800 ዶላር ነው።

ባለቤቱ ቢጭናት የመርከብ ኪራይ 1800፣ ኢንሹራንስ 200፣ ለማሳጠብና ለወረቀት 50፣ መኪናዋ በባሕርና በወደብ በምትቆይበት ሦስት ሳምንት ለኪራይ መኪናና ለአውቶቡስ 350 ያወጣል። ጠቅላላው 2400 ዶላር ነው። ሸጦ ሄዶ እዚያ ቢገዛ ደግሞ የዋጋው ልዩነት 1800፣ ለማስታወቂያና ለሽያጭ 100፣ የሚገዛትን መኪና ለሚያይለት መካኒክ 100፣ እስኪገዛ ድረስ ላለው አንድ ሳምንት መጓጓዣ 150፣ ጠቅላላው 2150 ዶላር ይሆናል። መሸጡ በ250 ዶላር ይሻላል ማለት ነው። የስም ማዛወሪያና የታርጋ ወጪ በሁለቱም በኩል ስላለ እኩል ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ከዚህ ውስጥ አንድ ጠቃሚ ቁጥር እናወጣለን። ከማስጫኛው ወጪ ከ2400 ላይ፣ በመሸጥ በኩል ከዋጋው ልዩነት ሌላ የሚወጣውን 350 ብንቀንስ 2050 ይቀራል። መጫን የሚያዋጣው የሁለቱ ገበያዎች ልዩነት ከ2050 ዶላር ሲበልጥ ነው። ልዩነቱ የመኪናዋ ዋጋ አንድ አምስተኛ ከሆነም 2050ን በ5 ስናበዛው 10250 ዶላር እናገኛለን። እንግዲህ በዚህ ምሳሌ መሠረት በሎስ አንጀለስ ከ10250 ዶላር በላይ የምታወጣ መኪና ትጫን፤ ከዚያ በታች የሆነች ትሸጥ። ልዩነቱ አንድ አስረኛ ብቻ ቢሆን መለያው ቁጥር 20500 ይሆናል። ስለዚህ የሁሉ ቁልፍ በደሴቲቱ ያለውን የመሸጫ ዋጋ በትክክል ማወቅ ነው።

ይህንንም ለማወቅ የአንድ ቀን ማስታወቂያ ማንበብ አይበቃም። ሻጭ የጠየቀው ዋጋና ገዢ የከፈለው ዋጋ አንድ አይደሉም። በሃዋይ የሚኖረው ወታደርና ሠራተኛ ተዛውሮ የሚሄድበት ጊዜ ስላለው፣ መነሻው ደርሶበት መኪናውን በቸኮለ ዋጋ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ታዲያ በዚያ አገር የጨው ነፋስ ብረት ይበላልና፣ ገዢው የመኪናዋን ቀለም አይቶ ሳይረካ ከሥር ገብቶ ሻንሲዋንና የፍሬን ቱቦዋን ማስመርመር ይገባዋል። በዚህ በኩል ከደረቅ አገር የመጣች ዝገት የሌለባት መኪና ከእኩዮቿ ትንሽ በልጣ ልትሸጥ ትችላለች፤ የሚያስጭን ሰው ይህን በሒሳቡ ቢያስገባ ስሕተት የለበትም።

ከጥቂት ወር በኋላ ወደ ነበረበት የሚመለስ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እርሱ መልሶ ሊጭናት ካሰበ ኪራዩን ሁለት ጊዜ ይከፍላልና።

መርከቡ የማይቀበለው

ልጁ በሁለተኛው ደብዳቤው «መኪናዋ ባዶዋን ከምትሄድ ምጣዱን፣ ሞሰቡንና የቤቱን ዕቃ እሞላባታለሁ፤ በዚህም ሌላ ኪራይ አተርፋለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። ነጋዴው ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ እኔ ግን ልጁን አልፈረድኩበትም፤ አገራችንም ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል። በዚህ መስመር የሚሠሩት ኩባንያዎች ግን በመኪናው ውስጥ የግል ዕቃ እንዲጫን አይፈቅዱም። የቤንዚኑም መጠን ከታንከሩ ሩብ እንዳያልፍ ይጠይቃሉ። መኪናዋ በደንብ ታጥባ መቅረብ አለባት፤ ይህም ለማማር ብቻ አይደለም፤ በጎማዋና በሥሯ የተጣበቀ አፈር፣ ዘርና ነፍሳት ወደ ደሴቲቱ እርሻ በሽታ እንዳያገቡ ነው። ሃዋይ ራስዋ ቡና የምታበቅል አገር ናት፤ ቡናዋን የሚጎዳው ነቀዝ በ2010፣ የቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታም በ2020 ተገኝቶባታል። ስለዚህ ጥሬ ቡና ወደዚያ ማስገባት በሕግ የተገደበ ነው፤ ፈቃድና በመድኃኒት መታጠን ይጠየቅበታል። ቤቱ ቡና ሳይቈላ የማይውል ኢትዮጵያዊ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ለቡና ላኪዎቻችንም ቢሆን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ይመስለኛል።

በባትሪ ኃይል የሚሄዱትን መኪናዎች በተመለከተ ደግሞ ነገሩ የጠበቀ ሆኗል። በ2022 ፌሊሲቲ አስ የተባለች መኪና ጫኝ መርከብ ወደ 4000 ያህል መኪና እንደያዘች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተቃጥላ ሰጠመች። በሰኔ ወር 2025 ሞርኒንግ ሚዳስ የተባለችው እንዲሁ ከ3000 በላይ መኪና ይዛ በአላስካ አቅራቢያ ተቃጥላ ሰጥማለች። ከዚህ በኋላ በሐምሌ 2025 ማትሰን በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱትንና በሶኬት የሚሞሉትን ድብልቅ መኪናዎች መቀበል ማቆሙን አስታወቀ። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ቲኬቱን ከመቁረጡና ቤቱን ከመልቀቁ በፊት የትኛው ኩባንያ እንደሚቀበለው በጽሑፍ መልስ ማግኘት አለበት።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የባለቤትነቱ ሊብሬና የአስጫኙ መታወቂያ መስማማት አለባቸው። መኪናዋ በባንክ ብድር የተገዛች ከሆነች ደግሞ አበዳሪው መጫኗን የሚፈቅድ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ባንክ ደግሞ ለመበደር እንጂ ደብዳቤ ለመጻፍ አይቸኩልምና ይህ ከሁሉ አስቀድሞ መጀመር ያለበት ነው።

ስለ ወረቀት ካነሣሁ ዘንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤታችን አንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና በጅቡቲ በኩል ስናስመጣ፣ ሰነዶቹን የገለበጥኩት እኔ ነበርኩ። ከሻንሲው ቁጥር መካከል 8 የነበረውን 3 አድርጌ ጻፍኩ። ትራንዚተሩም ሳያየው አሳለፈው። መኪናዋ ወደብ ደርሳ ሰነዱና ብረቱ አልስማማ ስላሉ 19 ቀን ቆመች፤ በየቀኑም የመጋዘን ኪራይ ቈጠረባት። ነጋዴው አልተቈጡኝም፤ ደረሰኙን ብቻ በጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻንሲ ቁጥር ስጽፍ አንድ ሰው ከብረቱ ላይ እያነበበ፣ እኔ ደግሞ በጣቴ እያንዳንዱን ፊደል እየነካሁ ነው። በሆኖሉሉም ወደብ መኪና ያለ ክፍያ የሚቆይበት ቀን የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኪራይ ይቈጠራል። ባሕሩን መሻገር ወደ 5 ቀን ቢሆንም ከማስረከቢያው እስከ መረከቢያው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አድርጎ ማሰብ ይሻላል፤ ቤተ ሰቡም በአውሮፕላን ሲሄድ ቀኑን ከዚህ ጋራ ማስማማት አለበት።

ስለ ኢንሹራንስ

200 ዶላር ለኢንሹራንስ ማስገባቴን አይተው ነጋዴው «መርከበኛው ኃላፊ አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ኃላፊ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን ወሰን አለው። በ1936 የወጣው የአሜሪካ የባሕር ጭነት ሕግ፣ አስጫኙ የዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ ካላስመዘገበ በቀር፣ የመርከቡን ተጠያቂነት ለአንድ ጥቅል ወይም ኪራይ ለሚቈረጥበት ለአንድ መለኪያ 500 ዶላር ያደርገዋል። ሕጉ የወጣው ለውጭ አገር ንግድ ቢሆንም በአገር ውስጥ ወደቦች መካከልም በውል ሊገባ ይችላል። ኪራይ በመኪና ቁጥር በሚቈረጥበት ጊዜ መለኪያው አንድ መኪና ነው ሊባል ስለሚችል፣ 9000 ዶላር የምታወጣ መኪና ብትጠፋ የሚገኘው ካሣ ምን ያህል እንደሚያንስ አንባቢ ያስተውላል። በጭነቱ ሰነድ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ውሉ ያለው እዚያ ነው።

ከዚህም ሌላ የጋራ ጉዳት መዋጮ የሚባል አሮጌ የባሕር ሕግ አለ። መርከብ በማዕበል ወይም በእሳት አደጋ ላይ ወድቃ፣ ካፒቴኑ ሁሉን ለማዳን ሲል አንዳንዱን ጭነት ወደ ባሕር ቢጥል ወይም ልዩ ወጪ ቢያወጣ፣ ጉዳቱን የመርከቡ ባለቤትና ዕቃቸው የዳነላቸው ሰዎች ሁሉ እንደ ንብረታቸው መጠን ይካፈሉታል። ስለዚህ መኪናው አንድ ጭረት ሳይነካው የደረሰ ሰው እንኳ መዋጮውን ወይም ዋስትናውን ሳያቀርብ ሊረከብ አይችልም። በ1960 የወጣው የአገራችን የባሕር ሕግም ይህንኑ ሥርዓት ይዟል። ለባሕር ጭነት የተገባ ኢንሹራንስ ይህን መዋጮ የሚችል መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ ለመንገድ የተገባው የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ ባሕር ላይ ላይሠራ ይችላልና በእርሱ መተማመን አይገባም።

መኪናዋን ሲያስረክብ አስጫኙ ጭረቷንና ጉድጓዷን ሁሉ ከተረካቢው ጋራ ሆኖ በጽሑፍ ያስመዝግብ፤ ፎቶግራፍም ያንሣ። ሲረከብም ከወደቡ በር ሳይወጣ ይመልከት።

ከደረሰች በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በክፍለ ግዛቲቱ መመዝገብ ወይም በፊተኛው ታርጋ ለመቆየት ፈቃድ ማውጣት ያሻል። እኛ ቦሎ እንደምንለው በየዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ምርመራ አለ፤ የምዝገባው ግብር በመኪናዋ ክብደት ስለሚታሰብ ከባድ መኪና ያለው ሰው በየዓመቱ ይበልጥ ይከፍላል። የቤንዚንም ዋጋ በአሜሪካ ውድ ከሆነባቸው ክፍላተ ግዛት አንዱ ይህ ነው።

ዘመዶቻቸው በሌሎች ደሴቶች ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ሒሳቡ በአንዳንድ ነገር ይለወጣል። ባሕሬን ደሴት ብትሆንም ከ1986 ጀምሮ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋራ ስለተገናኘች መርከብ አያስፈልግም፤ የጉምሩክ ወረቀት ግን ያስፈልጋል። በቆጵሮስ፣ በማልታ፣ በሞሪሸስና በዛንዚባር መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ ስለዚህ መሪዋ በግራ ያለች መኪና ወደዚያ መላክ የኪራዩ ጥያቄ ከመድረሱ በፊት መታሰብ ያለበት ነገር ነው።

የልጁ መኪና በሎስ አንጀለስ 7000 ዶላር ታወጣ ነበር። እኩያዋ በሆኖሉሉ በ8300 ገደማ እንደምትሸጥ ከእርሱ ጽሑፍ አረጋገጥን። ልዩነቱ 1300 ነው፤ ከላይ ካገኘነው ከ2050 እጅግ ያንሳል። ሒሳቡን በአንድ ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። ነጋዴው አነበቡትና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «ይህች መኪና ሁለቱንም ልጆች ከሐኪም ቤት ወደ ቤታቸው ያመጣች ናት፤ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛት ናት። እርሱን የት አስገባኸው?» አሉኝ። «ጌታዬ፣ ለእርሱ መደብ አላገኘሁለትም» አልኳቸው። «እንግዲያስ 750 ዶላር ብለህ ጻፍለት። ያንን ያህል ናት ካለ ይጫናት፤ አይደለችም ካለ ይሽጣት» አሉ። እንደዚያው ጻፍኩ፤ ቁጥሩ የ2050ና የ1300 ልዩነት መሆኑን የተረዳሁት ደብዳቤውን ካሸግሁ በኋላ ነው።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። መኪናዋን 6900 ሸጧታል። ከሆኖሉሉ ተዛውሮ ከሚሄድ ሰው በ8100 አንዲት ገዝቷል፤ መካኒኩም ከሥሯ ዝገት አላገኘም። ምጣዱ በፖስታ ሄዷል። ለአጎቱም፣ ከእንግዲህ ቡና የሚልኩለት እንደሆነ የተቈላውን እንዲሆን ለምኖ ጽፏል።